የፍላሚንጎው ሐይቅ ወይስ የድሮው የዘይት ባቡር መንገድ? በደቡብ ስፔን፣ በአንዳሉሲያ ወይራ መሃል ሳይክል ለሚነዳ

«ማላጋ ርካሽ በረራ አግኝቻለሁ፣ ሳይክሌን ይዤ ልሂድ ወይ?» የሚል ጥያቄ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ይበዛብኛል። ጠያቂዎቹ ፍራንክፈርት፣ ስቶክሆልም፣ ለንደን ያሉ ብርድ የሰለቻቸው ወዳጆች ናቸው። መልሴ አጭር ነው፦ ሂዱ፣ ግን ባሕሩ ዳር አትቅሩ። ባሕሩ ዳር ሆቴልና መኪና ነው። ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ገባ ካላችሁ ግን ኮረብታው ሁሉ ወይራ ነው። በወይራው መሃል ነጭ ኖራ የተቀቡ ትንንሽ ከተሞች አሉ፤ ረባዳው ቦታ ላይ ደግሞ ዝናብ ሲኖር የሚሞሉ፣ ሙቀት ሲመጣ ጨው ብቻ የሚቀርባቸው ሐይቆች።

እዚያ ሁለት ጥሩ ምርጫ አለ። ሁለቱም ወይራ አላቸው። ሁለቱም ወቅት ጠብቆ የሚሞላ ሐይቅ አላቸው። መንገዱ ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም፤ አንዱ አስፋልት ነው፣ ሌላው ሐዲዱ የተነሳለት ኮረኮንች። አብዛኛው ሰው ሳይክሉን መጀመሪያ ይመርጥና መንገድ በኋላ ይፈልግለታል። እኔ ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ፦ መጀመሪያ ወሩ፣ ቀጥሎ የዓመቱ ዝናብ፣ ከዚያ መንገዱ፣ ሳይክሉ መጨረሻ።

ሁለቱን ላስተዋውቃችሁ

ፉዌንቴ ዴ ፒዬድራ ማላጋ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ከአንቴኬራ ሰሜን ምዕራብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አጠገቧ ያለው ሐይቅ በስሟ ይጠራል። ርዝመቱ 6.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ወርዱ 2.5 ገደማ። መውጫ ወንዝ የለውም። የገባው ውሃ በፀሐይ ተኖ ነው የሚያልቀው፣ ስለዚህ ጨዋማ ነው፤ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ድረስ ጨው ይመረትበት ነበር። በደህና ዓመት እንኳ ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍ። በ1983 ረግረጋማ ቦታዎችን በሚጠብቀው ዓለም አቀፍ የራምሳር ስምምነት ተመዘገበ፣ በ1984 የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ሆነ። ዋናው ምክንያት ፍላሚንጎ ነው። በስፔንና በፖርቱጋል ምድር ትልቁ የፍላሚንጎ መራቢያ እዚህ ነው። በአካባቢው ያሉት መንገዶች አስፋልት ናቸው። ከከተማዋ ተነስታችሁ ወደ ሲዬራ ዴ ዬግዋስ፣ ከዚያ ወደ ካምፒዮስ፣ ከዚያ ዞራችሁ ብትመለሱ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ሁለተኛው ቪያ ቬርዴ ዴል አሴይቴ፣ «የዘይቱ አረንጓዴ መንገድ»፣ ይባላል። ከሃኤን ከተማ ተነስቶ ኮርዶባ ክፍለ ሀገር ውስጥ እስከ ፑዌንቴ ሄኒል 128 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ድሮ እዚህ ላይ ባቡር ነበረ። ዋና ጭነቱ የወይራ ዘይት ስለነበር «የዘይት ባቡር» ይሉት ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ተዘጋ፣ ሐዲዱ ተነሳ፣ መስመሩም ለእግረኛና ለሳይክል ተሰጠ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የብረት ድልድዮቹ አሁንም አሉ፤ በላያቸው ታልፋላችሁ። ከሉኬ ጣቢያ ወደ አልካውዴቴ በኩል ስትሄዱ መንገዱ ላጉና ዴል ሳሎብራል የሚባለውን ሐይቅ ታኮ ያልፋል። እሱም ጨዋማ ነው፣ እሱም ሙቀት ሲመጣ ይደርቃል። ከፉዌንቴ ዴ ፒዬድራ በጣም ያንሳል።

ወሩን ካልመረጣችሁ ሌላው ከንቱ ነው

ጁላይና ኦገስት አይታሰብም። ከሰዓት በኋላ 40 ዲግሪ አካባቢ ይገባል። ወይራ ደግሞ ጥላ የሚባል ነገር የለውም፤ ዛፉ አጭር ነው፣ በረድፍ ተራርቆ የተተከለ ነው፣ ለመንገዱ የሚደርስ ቅርንጫፍ የለውም። ሐይቁም ደርቋል። የግድ በዕረፍት ጊዜያችሁ ካልሆነ አይሆንም ካላችሁ ጎህ ሲቀድ ወጥታችሁ ረፋዱ ላይ ግቡ። ቀሪውን ቀን ተኙ። የአገሩም ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ኦክቶበር ለመንዳት ያምራል፤ አየሩ ተንፈስ ብሏል። ሐይቅ አያለሁ ብላችሁ ግን አትምጡ። ዝናቡ ገና መጀመሩ ነው፣ የምታዩት ነጭ ሜዳ ነው። ሌላ ነገርም አለ። በጋው መጨረሻ ላይ መንገድ ዳር ያለው ሣር ሲደርቅ እሾሁ ይረግፋል። ኩርንችት የምንለው ዓይነት፣ ሦስት አራት ጫፍ ያለው፣ በየትኛውም በኩል ቢወድቅ አንዱ ጫፍ ወደ ላይ የሚቆም እሾህ ነው። ፎቶ ለማንሳት ሳይክላችሁን ወደ ሣሩ ገፋ ያደረጋችሁ እንደሆነ ሁለቱም ጎማ አበቃለት። በተለይ ኮረኮንቹ ላይ ይህን አትርሱ።

ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ፣ አንዳንዴም እስከ ፌብሩዋሪ፣ የወይራ ለቀማ ነው። ለማየት ግሩም ነው። ትራክተር ላይ የተገጠመ ክንድ ግንዱን ጨምድዶ ይይዝና ለጥቂት ሴኮንድ ያንቀጠቅጠዋል፤ ወይራው ዛፉ ሥር በተነጠፈው መረብ ላይ ይዘንባል። ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ የቀረውን ሠራተኞቹ በረጃጅም ዘንግ እየመቱ ያወርዱታል። መረቡን አራት ሆነው ይጎትቱና ወደሚቀጥለው ዛፍ። ይህ ሁሉ ቀኑን ሙሉ፣ በየኮረብታው። አየሩ ራሱ የተጨመቀ ወይራ ይሸታል፤ ለአንዳንዱ ጥሩ ሽታ ነው፣ ለእኔ ግን ዳገት ላይ እያለከለክሁ ሲሆን ይከብደኛል።

ሳይክል ላይ ላለ ሰው ለቀማው ሁለት ጣጣ አለው። የመጀመሪያው ጭቃ ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት ትራክተሮቹ ከእርሻው ሲወጡ በጎማቸው ሸክላ አፈር ይዘው አስፋልቱ ላይ ያራግፉታል፤ ይህ አፈር እንደ ሊጥ ነው የሚይዘው፣ ፍሬኑ ውስጥ ይገባል፣ ጎማውና ሹካው መሃል ይጠቀጠቅና ሳይክሉ አልሽከረከር ይላል። ሁለተኛው ከዚያ ይብሳል። ወይራ የጫኑት ጋሪዎች መጭመቂያው አጠገብ ሲታጠፉ ፍሬ ያንጠባጥባሉ፣ መኪና ይረግጠዋል፣ ኩርባው ላይ የዘይት ንጣፍ ይቀራል። ከተማ መግቢያ ላይ ያለ መጭመቂያ ስታዩ ኩርባውን ሳትጋደሙ፣ ቀጥ ብላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። በዚህ ወቅት ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ የባቡሩን መንገድ እመርጣለሁ፤ እዚያ ትራክተር ቢኖር ለማቋረጥ ነው እንጂ አብሯችሁ አይሄድም። ዝናብ ካጠገበው ግን እሱም ቦታ ቦታ ላይ ይጨቀያል፣ ስለዚህ ከዝናብ በኋላ አንድ ቀን ስጡት።

ማርችና የኤፕሪል መጀመሪያ የእኔ ወር ነው። ለቀማው አልቋል። ሐይቁ፣ ዝናብ ከነበረ፣ ሞልቷል። በወይራ ረድፎች መሃል ሣርና አበባ አለ። ጠዋት ይበርዳል፣ ስለዚህ የሚወልቅ እጅጌ ያዙ፤ ቀትር ላይ በአጭር እጅጌ ነው። ብዙውን ጊዜ ዐቢይ ጾምም በዚህ ላይ ይውላል፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጠንቀቅ ያለባችሁ የካቶሊኮቹን የሕማማት ሳምንት ነው። በየከተማው የሃይማኖት ሰልፍ ይወጣል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ማደሪያ ይወደዳል። ሰልፉን ማየት የፈለገ ይሂድ፤ መንዳት የፈለገ ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ያድርገው።

ሜይ ደግሞ ለአለርጂ ሰው መርዝ ነው። ወይራ የሚያብበው ያኔ ነው። ሃኤን አካባቢ ከ60 ሚሊዮን የሚበልጥ የወይራ ዛፍ አለ፤ ይህ ሁሉ ዛፍ በአንድ ጊዜ ብናኙን ሲለቅ አየሩ ምን እንደሚሆን አስቡት። አበባ ሲነካችሁ የምታስነጥሱ ከሆነ፣ ወይም አስም ካለባችሁ፣ ሜይን ዝለሉት። ይህ ለሁለቱም መንገድ ይሠራል፣ ሃኤን በኩል ግን ይብሳል።

ዝናቡስ?

የፍላሚንጎው ሐይቅ ወቅታዊ ነው፤ በየዓመቱ አይሞላም። ድርቅ በሆነ ዓመት ማርች ላይ እንኳ ፉዌንቴ ዴ ፒዬድራ ሄዳችሁ የምታገኙት የተሰነጠቀ ጨው ነው። ፍላሚንጎውም ውሃ ከሌለ እንቁላል አይጥልም። እንቁላሉ የሚጣለው ውሃ የከበበው ደሴት ላይ ነው፣ ውሃው ከሸሸ ቀበሮና ውሻ በእግሩ ይደርስበታል።

ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በብርዱ ወራት አንዳሉሲያ ውስጥ ዘንቧል ወይ ብላችሁ እዩ። የቅርብ ቀን የጎብኚ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አይጠፋም። ሐይቁ ባዶ ከሆነ ምርጫው አለቀለት፦ የባቡሩን መንገድ ያዙ። ሳሎብራልም በድርቅ ይደርቃል፣ እሱ ላይ ልዩነት የለም። ልዩነቱ እዚያ ከሐይቁ ሌላ ተራራው፣ ድልድዩና ከተሞቹ አሉላችሁ። ፉዌንቴ ዴ ፒዬድራ ያለ ውሃ ደህና ሜዳ ናት፣ ከዚያ አታልፍም።

መንገዱ ራሱ

ፉዌንቴ ዴ ፒዬድራ ዙሪያ ዳገት የለም ማለት ይቻላል። ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ወገብ የሚሰብር ነገር የለም። ኮርሳ (ቀጭን ጎማ ያለው የአስፋልት ሳይክል) ላይ ሆናችሁ በቡድን ተሰልፋችሁ ሽው የምትሉበት ነው። ጠላታችሁ ነፋስ ነው። ሜዳው ገላጣ ነው፣ የሚያስጠልል ነገር የለም፤ ሲሄዱ የረዳችሁ ነፋስ ሲመለሱ ያስከፍላችኋል። በነፋሻ ቀን መጀመሪያ ነፋሱን ተጋፍጣችሁ ውጡ፣ ስትደክሙ ይግፋችሁ።

መኪናው ጥቂት ነው፣ ያለው ግን ይፈጥናል። የስፔን ሹፌር በጥቅሉ ሳይክል ያውቃል። ሲቀድም ቢያንስ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት፣ በየአቅጣጫው ሁለት መስመር ባለበት መንገድ ከ2022 ወዲህ ሙሉ በሙሉ መስመር መቀየር ግዴታው ነው። ሁለት ሁለት ሆኖ መንዳትም ይፈቀዳል። ከካምፒዮስ ወደ አንቴኬራ የሚወስደው ኤ-384 ግን ዋና መንገድ ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል፤ እሱ ላይ የምትቆዩበትን ርቀት በተቻለ መጠን አሳጥሩ። የገጠር ውሻም አለ። ከእርሻ ቤት እየጮኸ የሚወጣው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ግቢው እስኪያልቅ ነው የሚከተላችሁ፤ አትደንግጡ፣ አትራገጡ፣ ቀጥሉ።

ጉልበት የተረፋችሁ ከሆነ ከአንቴኬራ ኤል ቶርካል አለላችሁ። ድንጋዩ እንደ ተደራረበ መጽሐፍ ሆኖ የቆመበት ተራራ ነው፣ አስፋልቱ 1,200 ሜትር ከፍታ አካባቢ ድረስ ይወስዳል። አንቴኬራ ከ500 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ስለዚህ የምትወጡትን ደምሩት። ይህ ለለመደ ሰው ነው።

የባቡሩ መንገድ ሌላ ጠባይ አለው። ባቡር ዳገት አይችልም፣ ስለዚህ መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን በድልድይ ዘለው፣ መንገዱን ለጥ አድርገውታል። ዳገቱ አለ፣ ግን የምታውቁት እግራችሁ ቀስ እያለ ሲዝል ነው፤ ዓይናችሁ አያየውም። መኪና የለም። ልጅ ይዞ የሚነዳ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳይክል ላይ የወጣ፣ መኪና ኋላው ሲመጣ የሚጨነቅ ሰው እዚህ ነፍሱ ይመለሳል።

ፒስታው የተጠቀጠቀ አፈርና ጠጠር ነው፣ ሃኤን አጠገብ ደግሞ ለስላሳ ክፍል አለው። ጥሩ ሲሆን በጣም ጥሩ ነው። ዝናብ የቦረቦረው ቦታ ግን ይገጥማችኋል፣ መንቀጥቀጡም ከሰዓታት በኋላ መዳፍ ላይ ይታወቃል። የእርሻ መንገድ በሚያቋርጠው ቦታ ሁሉ ማገጃ ብረት ወይም እንጨት አለ፣ ፍጥነት ቀንሱ፤ የትራክተሩ ሹፌር እናንተን ማየቱን አታረጋግጡም። ዋሻ ስላለ መብራት ያዙ። ሃኤን በኩል ያለው የላስ ካሴሪያስ ዋሻ ከ300 ሜትር በላይ ነው።

የምወደው ክፍል ከሳሎብራል ሐይቅ እስከ ካብራ ያለው ነው። ሐይቁን ካለፋችሁ በኋላ ሉኬ ጣቢያ፣ ከዚያ ሱኤሮስ፣ ዶኛ ሜንሲያ፣ ካብራ። በግራችሁ የሱብቤቲካ ተራሮች ግራጫ ገደል ሆነው ይቆማሉ፣ በቀኛችሁ ወይራው እስከ አድማስ ይወርዳል። ከሉኬ በተቃራኒው፣ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሃኤን ድንበር የሄዳችሁ እንደሆነ የጉዋዳሆስ ድልድይ አለ፤ 200 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ብረት ነው፣ ከሥሩ የቫዶሞሆን ግድብ ውሃ። ከፍታ የሚፈራ ሰው መሃል መሃሉን ይያዝ።

ሱኤሮስ ግን ተንኮል አላት። ጣቢያው ታች ነው፣ ከተማዋ ላይ። ከለጥ ያለው መንገድ ወጥታችሁ ወደ ከተማዋ ስትታጠፉ ዳገቱ ድንገት ፊታችሁ ላይ ይቆማል። ገፍታችሁ ውጡ፣ አያሳፍርም። ላይ ደርሳችሁ ኮርሳ ስለሌላችሁ የምትቆጩ ከሆነ ደግሞ ከከተማዋ ወደ የሌሊት ወፎች ዋሻ የሚወጣ 4 ኪሎ ሜትር አስፋልት አለ፤ እግር ይፈትናል።

ወፎቹን በደንብ ለማየት

እዚህ ላይ ፉዌንቴ ዴ ፒዬድራ ያሸንፋል፣ ክርክር የለውም። ወደ ሐይቁ ዳር መውረድ ክልክል ነው፣ የሚታየው ከተዘጋጁት ማማዎችና ኮረብታዎች ነው። ከተማዋ ያለችው በምሥራቅ በኩል ስለሆነ ከጎብኚዎች ማዕከሉ ኮረብታ ላይ ጠዋት ብትመለከቱ ፀሐይ ከኋላችሁ ናት፣ ቀለሙ ይወጣል። ማታ ከዚያው ብትመለከቱ ሁሉም ጥቁር ጥላ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሆናችሁ በሌላኛው ወገን ሆኖ ማየት ይሻላል። ትንሽ ባይነኩላር በጀርባ ኪስ ያዙ፤ በባዶ ዓይን የምታዩት ሐምራዊ መስመር ብቻ ነው።

የአቢጃታን ወይም የጭቱን ሐይቅ ያየ ሰው «ፍላሚንጎ ለማየት ስፔን?» ሊል ይችላል፣ እውነቱን ነው። እዚህ ልዩ የሆነው ወፉ የሚራባበት መሆኑ ነው። ጫጩት ያላቸው ወላጆች ምግብ ፍለጋ እስከ ጉዋዳልኪቪር ወንዝ ረግረግ ይበራሉ፣ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በሌሊት፣ ከዚያ ይመለሳሉ። እኛ 50 ኪሎ ሜትር ነድተን ጉልበቴን እንላለን።

የሳሎብራሉ ሐይቅ ጸጥ ያለ ነው። ፍላሚንጎ አንዳንዴ ይመጣል፣ ዳክዬና ሌላ የውሃ ወፍ ይበዛል። ጥሩነቱ መንገዱ ራሱ አጠገቡ ያልፋል፤ ትቆማላችሁ፣ ታያላችሁ፣ ትቀጥላላችሁ።

ሆድ፣ ጾምና ሲዬስታ

ጾመኛ ከሆናችሁ ይህ አገር ለእናንተ ነው። ቁርስ ላይ ማንኛውም የመንደር ቡና ቤት የተጠበሰ ዳቦ፣ የተፈጨ ቲማቲምና የወይራ ዘይት ያቀርባል። ዘይቱ ጠርሙሱ እንዳለ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እንደፈለጋችሁ አፍስሱ፣ ማንም አያይም። ሃኤን በኩል ዘይቱ ከፒኩዋል ወይራ ስለሆነ ጉሮሮ ላይ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ አንቴኬራ በኩል ያለው ኦሂብላንካ ለስለስ ይላል። እኔ ሃኤን ነኝ።

ምሳ ላይ ኮርዶባ በኩል ሳልሞሬሆ፣ አንቴኬራ በኩል ፖራ አለ። ሁለቱም ከቲማቲም፣ ከዳቦ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዘይት የሚሠሩ ቀዝቃዛና ወፍራም ሾርባዎች ናቸው። ችግሩ ላዩ ላይ እንቁላልና የአሳማ ሥጋ መበተናቸው ነው። ሳይሠሩት በፊት «ሲን ሃሞን፣ ሲን ኡዌቮ» (ያለ አሳማ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል) በሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህች ሐረግ ይድናል። አስተናጋጁ ግራ ቢጋባ ድገሙለት፤ ሃሞን ያልተጨመረበት ምግብ ሲያዩ የጎደለ የሚመስላቸው አሉ።

ስለ ወይራው ከተነሳ፣ የኛ የአበሻ ወይራ የዚሁ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በሳይንሱ አንድ ዝርያ ሥር ነው የሚመደቡት። ፍሬው ትንሽ ስለሆነ እኛ ለጭስና ለመፋቂያ አደረግነው። እዚያ የተገረዘ ቅርንጫፍ ሲያቃጥሉ ጭሱ ከሸተታችሁ የወተት ጮጮ ትዝ ይላችኋል።

የሰዓቱን ነገር አትናቁ። የመንደር ሱቅ ከሰዓት በኋላ ለሲዬስታ፣ ለቀትር ዕረፍት ማለት ነው፣ ለጥቂት ሰዓታት ይዘጋል፣ እሁድ ጭራሽ። ፉዌንቴ ዴ ፒዬድራ ዙሪያ ከተሞቹ ስለሚቀራረቡ ችግር የለም። የባቡሩ መንገድ ላይ ግን፣ በተለይ በአልካውዴቴና በሉኬ መሃል፣ ውሃ ይዛችሁ ካልገባችሁ ትጠማላችሁ። ሁለት ጠርሙስ ሙሉ። የድሮ ጣቢያዎቹ አንዳንዶቹ ምግብ ቤት ሆነዋል፣ የሉኬው ጣቢያ አንዱ ነው።

አሁን ወደ ሳይክሉ

ፉዌንቴ ዴ ፒዬድራን ከመረጣችሁ ያላችሁን ኮርሳ ውሰዱ። 28 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው ጎማ ይበቃል፣ 25ም ይሄዳል። ሁለት ካላማዳሪያ፣ ማስቲሽና ፓምፕ። የባቡሩን መንገድ ከመረጣችሁ ኮርሳችሁን ቤት ተዉት። «እኔ በ25 አልፌዋለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም፣ እሱ ይለፍ። 35 እና ከዚያ በላይ የሆነ ጎማ፣ ነፋሱ ትንሽ ቀነስ ብሎ፣ ግራቭል (ኮርሳ መሰል፣ ለኮረኮንች የተሠራ) ወይም ማውንቴን ሳይክል። ዶኛ ሜንሲያ ውስጥ መንገዱ ዳር ሳይክል ይከራያል፤ አጭር ርቀት ለምትነዱ ከአውሮፕላን ጭነት ጣጣ ይገላግላችኋል።

ሄልሜት ከከተማ ውጪ በሕግ ግዴታ ነው፣ በቅጣት ጭምር። ጨለማ ወይም ጭጋግ ከሆነ መብራትና የሚያብለጨልጭ ሰደርያ። በዲሴምበርና በጃንዋሪ ጠዋት ጭጋጉ ሐይቁ ላይ ይተኛል፣ ሰደርያውን በቦርሳ አትተዉት።

ታዲያ የቱ?

ዓመቱ ዘንቧል፣ ወሩ ማርች ነው፣ ኮርሳ አላችሁ፣ ትራፊክ አያስፈራችሁም፦ ፉዌንቴ ዴ ፒዬድራ። አንቴኬራ እደሩ፣ ማታ የምትበሉበት ቦታ ይበዛል፤ በ2016 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የድንጋይ መቃብሮችም እግረ መንገዳችሁን ታያላችሁ።

ከቤተሰብ ጋር ናችሁ፣ ወይም ለቀማው ላይ ደርሳችኋል፣ ወይም ዝናቡ ቀርቷል፦ የባቡሩ መንገድ። ሁሉንም 128 ኪሎ ሜትር ካልነዳሁ አትበሉ። ዶኛ ሜንሲያ ወይም ሱኤሮስ እደሩና አንድ ቀን ወደ ሳሎብራል፣ አንድ ቀን ወደ ካብራ ንዱ። ሙሉውን የምትፈልጉ ከሃኤን ጀምሩ፣ ባቡር ይደርሳል። መጨረሻው ፑዌንቴ ሄኒልም የፈጣን ባቡር ጣቢያ አለው፣ ግን ፈጣኑ ባቡር ሳይክል የሚቀበለው ተፈትቶ በቦርሳ ከገባ ብቻ ነው። ቦርሳ ከሌላችሁ ቀድማችሁ ሌላ ዘዴ አብጁ።

ሁለቱንም የሚል ሰው ካለ ይቻላል። ከፑዌንቴ ሄኒል በካሳሪቼና በላ ሮዳ በኩል ፉዌንቴ ዴ ፒዬድራ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አስፋልት። ያኔ ግራቭሉን ይዛችሁ ወፍራሙን ጎማ እስከ መጨረሻው መታገሥ ነው፤ አስፋልቱ ላይ ትንሽ ያዘገያችኋል። ፑዌንቴ ሄኒል ስትደርሱ ፓምፑን አውጥታችሁ ጎማውን ጠንከር አድርጉት፣ ከዚያ ቀጥሉ።